ከመቅኔ ንቅለ ተከላ በኋላ የሚወጣ ንፍፊት

ሰንጋ ተራ ዛሬ የባንኮች ሰፈር ነው፤ ስሙ ግን አሁንም የከብት ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅርብ ስለሆነ የምርመራ ወረቀት የታጨቀበት ፎልደር አቅፎ የሚያልፍ አስታማሚ አይታጣም። የደም ካንሰር ይዞት ለመቅኔ ንቅለ ተከላ ህንድ ወይም ቱርክ ደርሶ የተመለሰ ሰው ካለ፣ ይህ ጽሑፍ ለእሱና ለአስታማሚው ነው።

ኤፕስታይን-ባር የሚባል ቫይረስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 የተገኘው ከኡጋንዳ ወደ ለንደን በተላከ የአንድ ሕፃን ዕጢ ናሙና ውስጥ ነው። በምራቅ ይተላለፋል፤ እኛ ዘንድ አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ይይዘዋል፣ ሳያውቀውም ይኖራል። ቫይረሱ የሚደበቀው ቢ ሴል በሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ሲሆን የሚጠብቋቸው ቲ ሴሎች ናቸው። ከሌላ ሰው መቅኔ ሲወሰድ፣ የለጋሹ ሴሎች የታማሚውን ገላ እንዳያጠቁ ቲ ሴሎቹ በመድኃኒት ይዳከማሉ። እረኛው ሲታሰር መንጋው ማሳ ይገባል፤ ቫይረሱ ያለባቸው ቢ ሴሎች ያለ ልክ ይራባሉ። ሲብስ የለየለት የሊምፍ ካንሰር ይሆናል። የሚገርመው፣ ከመቅኔ ንቅለ ተከላ በኋላ የሚራቡት ሴሎች አብዛኛውን ጊዜ የለጋሹ ናቸው። የራሱ መቅኔ ተመልሶ የተሰጠው ሰው ላይ ግን ብዙም አይታይም።

ችግሩ በአብዛኛው የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነው፤ ብዙ ሰው አገሩ የገባበት ጊዜ ማለት ነው። አንገት ወይም ብብት ላይ ንፍፊት፣ የማይለቅ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክሳት። ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ የሚያስበው ቲቢን ነው፤ አይፈረድበትም፣ የአንገት ቲቢ እዚህ ብዙ ነው። መቅኔ የተቀየረለትንም ሰው ቲቢ ሊይዘው ይችላል። የሚለያቸው ከዕጢው ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው። ስለዚህ ንቅለ ተከላውን ለማያውቅ ሐኪም አንገትን ብቻ ማሳየት ጊዜ ማባከን ነው።

ቶሎ ከተደረሰበት ሕክምና አለው። ቢ ሴሎችን የሚያጠፋው ሪቱክሲማብ ይሰጣል፤ መከላከያን የሚያዳክመውም መድኃኒት ይቀነሳል። የሚቀንሰው ግን ሐኪሙ ነው፤ በራስ ፈቃድ ያቋረጠ ሰው ቆዳውን፣ አንጀቱንና ጉበቱን የለጋሹ ሴሎች ሊያጠቁበት ይችላሉ።

ከፎልደሩ ፊት ለፊት መቀመጥ ያለበት አንድ ገጽ ነው፦ ንቅለ ተከላው የተደረገበት ቀን፣ ለጋሹ ማን እንደሆነ፣ ቲ ሴልን ለማዳከም የተሰጠው መድኃኒት፣ በደም ውስጥ የተገኘው የመጨረሻው የቫይረስ መጠን።