እጮኛሽን ማወቅ ከፈለግሽ ጀልባ ላይ አውጪው!

ሰው የሚታወቀው በመንገድ ነው ይባላል። እኔ ደግሞ በጀልባም ይታወቃል ባይ ነኝ። ሶዶ ካፌ ቁጭ ብሎ፣ ማኪያቶ እያማሰሉ "አንቺ እኮ ሕይወቴ ነሽ" ማለት ለማንም አይከብድም። ሞተሯ በጠፋ ጀልባ ላይ ሆነው ጉማሬ ሲያጓራ ሲሰሙ ግን የውስጥ ባሕርይ ብቅ ይላል።

ለሶዶ ልጅ ውሃ ሩቅ አይደለም። ባሕር ባይኖረንም የወላይታን ምድር የሚነካው አባያ ሐይቅ አለን። ሁምቦንና ምዕራብ አባያን አልፈው ወደ 120 ኪሎ ሜትር ሲጓዙ ደግሞ አርባ ምንጭ ይገባል። እዚያ ያለው ጫሞ ነው። ሁለቱን ሐይቆች የሚለያቸው "የእግዜር ድልድይ" የሚባለው ከፍ ያለ መሬት ነው። የአባያ ውሃ በደለል ቀላ ብሏል።

በቅርቡ ስድስት ሆነን ወደ ጫሞ ወረድን። ሁለቱ ለሠርግ ቀን የቆረጡ ጥንዶች ናቸው። ጠዋት ጀልባ ተከራይተን፣ የኩልፎ ወንዝ ወደ ሐይቁ ወደሚገባበት ወደ "አዞ ገበያ" አመራን። ስሙ አያሳስታችሁ፤ ሻጭም ገዢም የለበትም። አዞዎች ፀሐይ ሊሞቁ የሚኮለኮሉበት ዳርቻ ነው። አፋቸውን በርግደው ይተኛሉ። ይህ ቁጣ ሳይሆን ሙቀት የሚያበርዱበት ዘዴ ነው።

ቀጥሎ ጉማሬዎች ታዩ። አንዷ ግልገል ይዛለች። ጠና ያሉት ባለ ጀልባ ሞተሩን አጥፍተው በሩቁ አቆሙ። እጮኛ ተብዬው "ፎቶ ያበላሻል" ብሎ ላይፍ ጃኬቱን አወለቀና ስልኩን አወጣ።

"ጋሼ፣ ትንሽ ጠጋ ያድርጉን፤ ጉርሻ እጨምራለሁ!"

ልጅቷ ክንዱን ይዛ "ተው በናትህ፣ ፈራሁ" አለችው። እጇን አራገፈና "ሰው ፊት አታሳፍሪኝ!" ብሎ ሳቀባት።

ባለ ጀልባው "ልጄ፣ ብርህን ያዝ" ብለው ጀልባዋን አዞሯት።

ሽማግሌው እውነት አላቸው። ጉማሬ ሣር በል ቢሆንም ክብደቱ ከአንድ ሺህ ኪሎ ይበልጣል፤ ግልገሏ የተነካ ከመሰላት ጀልባ ትገለብጣለች። አዞም ቀልድ አያውቅም። በ2010 ዓ.ም አባያ ሐይቅ ዳር ምእመናን ያጠምቁ የነበሩ አንድ ፓስተር በአዞ ተነክሰው ሕይወታቸው አልፏል።

ማታ ሶዶ ስንገባ ልጅቷ ወደ ጎን ሳበችኝና "እህቴ፣ አንቺ ብትሆኚ ታገቢው ነበር?" አለችኝ።

እኔም እንዲህ አልኳት፦ መድፈሩ አይደለም ጥያቄው። ወጣት ይደፍራል። ጥያቄው "ፈራሁ" ስትዪው ምን አደረገ የሚለው ነው። ነገ ልጅ ታሞ፣ ወይም ብር ጎድሎ "ፈራሁ" ትዪዋለሽ። ያኔም "ሰው ፊት አታሳፍሪኝ" ሊልሽ ነው? በአንድ ቀን ጥፋት ቀለበት አይወልቅም። ግን ብቻችሁን ስትሆኑ "ለምን ሳቅክብኝ?" ብለሽ ጠይቂው። ደንግጦ ይቅርታ ከጠየቀሽ ሰው ነው። አሁንም ካሾፈ ግን ሠርጉን አዘግዪና አስቢበት።

ለመሄድ ላሰባችሁ ደግሞ፦ ጠዋት ተሳፈሩ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ውሃው ይናወጣል። ላይፍ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትውጡ። እጃችሁን ውሃ ውስጥ አትንከሩ፣ ዳር ወርዳችሁም አትታጠቡ። ባለ ጀልባው "ይበቃል" ካለ ይበቃል።

ልጅቷ ጠይቃው ይሁን አይሁን ገና አልነገረችኝም። እናንተ ብትሆኑስ ምን ትሏት ነበር?