የቀን ድካም እንዴት ይለካል?

ለአንድ ሰው በቀን ምን ያህል ምግብ ይበቃዋል ተብሎ ሲጠየቅ፥ ብዙዎች ዕድሜውንና የሰውነቱን ግዝፈት አይተው ይፈርዳሉ። እኛ ግን አስቀድሞ «ውሎው ምንድን ነው?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል እንላለን።

ሰው ተኝቶ ሳለ እንኳ ልቡ ይመታል፥ ይተነፍሳል፥ የሰውነቱም ሙቀት ይጠበቃል። ለዚህ ብቻ የሚወጣው ኀይል መሠረታዊ ፍጆታ ይባላል፤ የሚቈጠረውም በካሎሪ ነው። ዕድሜው ከ30 እስከ 60 ዓመት የሆነ ወንድ የክብደቱን ኪሎ በ11.5 አባዝቶ 873 ቢጨምርበት የ24 ሰዓቱን መሠረታዊ ፍጆታ በግምት ያገኛል። በዚሁ ዕድሜ ያለች ሴት ኪሎዋን በ8.1 አባዝታ 846 ትጨምርበታለች።

የቀረውን የሚወስነው ሥራ ነው። የዓለም የእርሻና የምግብ ድርጅት፥ የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ በ2001 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የሰበሰቧቸው ሊቃውንት ለየሥራው ብዜት ሰጥተዋል። እንቅልፍ 1፥ ተቀምጦ መጨዋወት 1.4፥ መብላትም ተቀምጦ መሥራትም 1.5፥ ምግብ ማብሰል 2.1፥ መታጠብና መልበስ 2.3፥ የቤት ውስጥ ሥራ 2.8፥ ያለ ሸክም መራመድ 3.2፥ ውሃ መቅዳትና እንጨት መልቀም 4.4 ነው። የእያንዳንዱን ሥራ ሰዓት በብዜቱ አባዝቶ፥ ሁሉን ደምሮ፥ ድምሩን ለ24 ማካፈል ነው።

ለምሳሌ 60 ኪሎ የሚመዝን ጸሓፊ እናስብ። 8 ሰዓት ይተኛል፥ 8 ሰዓት ወንበር ላይ ይሠራል፥ 2 ሰዓት በእግሩ ይሄዳል፥ 1 ሰዓት ለመታጠብና ለመልበስ፥ 1 ሰዓት ለምግብ፥ 4 ሰዓት ለጨዋታ ያውላል። ድምሩ 35.8፥ ለ24 ሲካፈል 1.49 ይሆናል። መሠረታዊ ፍጆታው 1,560 ያህል ስለ ሆነ 2,325 ካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል።

ባለቤቱስ? «እርሷ ቤት ነው የምትውለው» ይላል። ክብደቷ 50 ኪሎ ነው። 7 ሰዓት ትተኛለች፥ 4 ሰዓት ታበስላለች፥ 5 ሰዓት ታጥባለች፥ ትጠርጋለች፥ ታነሣለች፥ ትጥላለች። 2 ሰዓት ውሃና እንጨት፥ 1 ሰዓት የገበያ መንገድ፥ 1 ሰዓት ለመታጠብና ለመልበስ፥ 1 ሰዓት ለምግብ፥ 3 ሰዓት ከቡናው ጋር ተቀምጣ። ድምሩ 49.4፥ ብዜቱ 2.06 ነው። መሠረታዊ ፍጆታዋ 1,250 ብቻ ቢሆንም 2,575 ካሎሪ ያስፈልጋታል፤ በ10 ኪሎ ከሚበልጣት ባሏ በ250 ይበልጣል ማለት ነው። የምታጠባ ብትሆን ደግሞ 500 ያህል ይጨመርላታል። ሁሉም ከበላ በኋላ የተረፈውን የምትበላ ከሆነች ግን ጕድለቱን የምትከፍለው ከገዛ ሥጋዋ ነው፤ ከስታ ስትታይ «ሐሳብ ይዟት ነው» ይባላል።

ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ መለኪያ አለ። ሃይድሮጅኑና ኦክስጅኑ ምልክት ያለበት ውሃ ተጠጥቶ ሽንት ለጥቂት ቀናት ይመረመራል፤ ሃይድሮጅኑ በውሃ ብቻ፥ ኦክስጅኑ ግን በውሃም በትንፋሽም ስለሚወጣ፥ ልዩነቱ የተቃጠለውን ያሳያል። በሰው ላይ ከ1982 (እ.አ.አ.) ጀምሮ ተሠርቶበታል፤ ዋጋው ግን ለየቤቱ የሚሆን አይደለም።

ስለዚህ ደብተርና ሰዓት ይበቃናል። መምህራን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎችን የቤተ ሰባቸውን ውሎ ቢያስመዘግቡ መልካም ነው፤ ማታ ከትዝታ የተጻፈ ውሎ ስለሚሳሳት ግን በየግማሽ ሰዓቱ እያዩ ይጻፉ። ልጆች ለዕድገታቸው ተጨማሪ ስለሚያሻቸው፥ ይህን የዐዋቂ ስሌት በራሳቸው ላይ አይሥሩበት።