ጢስ ዓባይ፦ ፏፏቴና መብራት የተሻሙበት ውሃ

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አንድ ወንዝ ለውበትም ለኃይልም ተፈለገ። ድርሻው እንዴት ተከፈለ?

የድሮውን የአንድ ብር ኖት በእጁ የያዘ ሰው ሁሉ ጢስ ዓባይን ያውቀዋል፤ ፏፏቴው ከወፎች ጋር ከኖቱ ጀርባ ታትሟል። ክረምቱ ሲያበቃ ወንዙ እስከ 400 ሜትር ስፋት ይዞ ከ40 ሜትር ገደማ ከፍታ ይወረወራል። በበጋ የሄደ ጎብኚ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ባዶ ገደልና በዳር በኩል የሚወርድ ቀጭን ውሃ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከፏፏቴው በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ውሃ የሚያከማች ግድብ የለውም። ወንዙ ከገደሉ አፋፍ ሳይደርስ ከፊሉ ተጠልፎ በቦይ ይመራል፤ በቱቦ ቁልቁል ተለቆ ተርባይኑን ያሽከረክራል፤ ከዚያም ከፏፏቴው ግርጌ በታች ወደ ወንዙ ይመለሳል። አቅሙ 11 ሜጋ ዋት ገደማ ነው፤ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ከዚሁ ኃይል ተጠቅሟል።

ጉልበቱ ከቁልቁለቱ

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የውሃው መጠን ከሚወርድበት ከፍታ ጋር ይባዛል። በሰከንድ 10 ሊትር የሚፈስ የተራራ ጅረት 100 ሜትር ቢወርድ፣ የሚባክነው ሳይቀነስ 10 ኪሎ ዋት ያህል ጉልበት አለው። ስለዚህ ተራራማ አገር ገበሬ ሳያፈናቅል፣ ማሳ በውሃ ሳያስውጥ ከትንሽ ጅረት መብራት ያገኛል።

ዕዳው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ውሃው ከሚጠለፍበት እስከሚመለስበት ያለው የወንዙ ክፍል ይጠማል። በጢስ ዓባይ ያ ክፍል ፏፏቴው ራሱ ነው።

የመጀመሪያው ጣቢያ የሚወስደው ውሃ ጥቂት ስለነበር ጣቢያውና ፏፏቴው ለአሥርት ዓመታት አብረው ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1996 ዓባይ ከጣና ሐይቅ በሚወጣበት አፍ ላይ የውሃ መቆጣጠሪያ ተሠራ፤ በ2001 ደግሞ ከ70 ሜጋ ዋት በላይ አቅም ያለው ሁለተኛው ጣቢያ ተጨመረ። የፏፏቴው ድርሻ ወዲያው አሽቆለቆለ። በ2003 የዝናብ እጥረቱና ለኃይል የሚለቀቀው ውሃ ተደራርበው ሐይቁ እጅግ ስለጎደለ የጣና መርከቦች ለወራት ሥራ አቆሙ።

ጠላፊው ሲለወጥ

እ.ኤ.አ. በ2010 የ460 ሜጋ ዋቱ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። ከሐይቁ በዋሻ የሚወስደው ውሃ 300 ሜትር ገደማ ስለሚወርድ፣ ያው አንድ ሊትር በጢስ ዓባይ ከሚሰጠው ኃይል ብዙ እጥፍ ይሰጣል። የጢስ ዓባይ ጣቢያዎችም ወደ ተጠባባቂነት ወረዱ። ለፏፏቴው ግን እፎይታ አልሆነም፤ ቀድሞ ከአፋፉ ላይ ይጠለፍ የነበረው ውሃ አሁን ገና ከሐይቁ ይወሰድበታል።

በወራጅ ውሃ የሚሠራ ትንሽ ማመንጫ በራሱ የወንዝ ጠላት አይደለም፤ የመጀመሪያው ጢስ ዓባይ ለዚህ ምስክር ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ለወንዙ የሚተወው ውሃ ከሁሉም ድርሻ በኋላ ሲታሰብ ነው። በየተራራው ጅረት ጠልፎ መንደር ለማብራት ያሰበ ወረዳ፣ መሐንዲስም ሆነ ለጋሽ፣ የተርባይኑን አቅም ከመምረጡ በፊት በበጋ በወንዙ ውስጥ የሚቀረውን ውሃ ይወስን፤ በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሆነም ውሉ ላይ ያስፍር።