«ከሳህ፣ ምን ነካህ?» ከማለታችን በፊት

ጨጓራውን በቀዶ ጥገና ያስቀነሰ ዘመዳችን ለበዓል ሰቆጣ ሲመጣ «በሞቴ ጉረስ» እንለዋለን። ረሃብን በምናውቅበት ዋግ ኽምራ መክሳት የጤና አይመስለንም።

«ስሊቭ» በሚባለው ቀዶ ጥገና ግን ከጨጓራው 80 በመቶ ገደማ ተቆርጦ ይወጣል። ግድ ብሎ ከበላ ያስመልሰዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ፦

👉 ቅድሚያ ለፕሮቲን፦ እንቁላል፣ ሥጋ፤ በጾም ሽሮና ምስር።
👉 ውኃ ከምግብ ጋር ሳይሆን ከ30 ደቂቃ በኋላ።
👉 አረቄ ቶሎ ያሰክረዋል።
👉 ቫይታሚን ዕድሜ ልክ። ቢ12 በጾም ምግብ ውስጥ የለም፤ ኪኒኑን ወይም መርፌውን ከተወ ደም ማነስ ይይዘዋል፣ ነርቩም ሊጎዳ ይችላል።

በ2007 ዓ.ም ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የተገባ ነው። ትምህርቱ ለእንግዳችንም ይሠራል፦ ሆድ መሙላትና በደንብ መመገብ ይለያያሉ። ትንሿን ሳህኑን እናክብርለት።