«ሥራ የላቸውም» የተባሉት እናት

በዚህ ዓምድ ዘወትር የምናነሣው ስለ ግብር፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድና ስለ ሱቅ ኪራይ ነው። ዛሬም ከዚያው ብዙ አልርቅም፤ መነሻዬ ግን ኀዘን ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንዲት ወጣት የእናቷ አርባ ከወጣ በኋላ አንድ ትልቅ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዛ ወደ ቢሮዬ መጣች። «ጋሼ፣ እባክዎ ይህን ይዩልኝ። የቀብሩ ሒሳብ ገና አልተከፈለም፤ አባቴ ደግሞ ከኀዘኑ አልተነሣም» አለችኝ። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍነው። የኪራይ ውል፣ የመብራት ደረሰኝ፣ የልጆች የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ ሁሉም አለ። ስለ እናትየው ሙያ በሚጠይቀው ቦታ ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል፤ «ሀውስፍራው»፣ የቤት እመቤት ማለት ነው። ልጅቷም «እናቴ እኮ ሥራ አልነበራትም፤ ስለዚህ የምንጠብቀው ጡረታ የለም» ብላ ደመደመች።

እኚህን እናት ከሩቅም ቢሆን አውቃቸዋለሁ፤ ፍራንክፈርት ውስጥ እንጀራቸውን ያልበላ ሐበሻ ጥቂት ነው። በ1991 ሁለት ልጆች ይዘው ወደ ባለቤታቸው ከአዲስ አበባ መጡ። ከዚያ በኋላ እዚሁ አራት ወለዱ። ጋሉስ ሰፈር ሦስት ክፍል ቤት ውስጥ ስምንት ሆነው ኖሩ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተው በመጀመሪያው ባቡር ወደ መሀል ከተማ ይሄዳሉ፤ ባንኮቹ ባሉባቸው ረጃጅም ፎቆች ውስጥ ወለል ያጸዳሉ፤ ጸሐፊዎቹ ሳይገቡ ወጥተው ልጆቹን ለትምህርት ቤት ያደርሳሉ። ለጽዳቱ የሚከፈላቸው በእጅ ነበር፤ ውል የለም፣ የደሞዝ ወረቀት የለም። ቅዳሜ ደግሞ ምጣዱ ይጣዳል። ያኔ ጤፍ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና ከስንዴውም ከሩዙም ዱቄት እየደባለቁ ያቦካሉ። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለተዝካር የታዘዘው እንጀራ በካርቶን እየታሸገ ይወጣል። ምጣዱ መብራቱን ሲጥለው ጨለማ ውስጥ እስቲበራ ይጠብቃሉ። ሂሳብ ሲጠየቁ «ያላችሁን ስጡ» ነበር መልሳቸው፤ ይህ እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ሁልጊዜ ያናድደኝ ነበር።

ከወረቀቶቹ መሀል ከጋዜጣ የተቆረጠ አንድ ፎቶግራፍ ወጣ፤ የወይዘሮ አበበች ጎበና ነው። ልጅቷ እንደነገረችኝ እናቷ «ደክሞኛል» የሚል ልጅ ሲሰሙ ወደዚህ ፎቶግራፍ እያመለከቱ «ሥራ የሠሩትስ እሳቸው ናቸው» ይሉ ነበር።

ወጣቶቻችን ስማቸውን እንጂ ታሪካቸውን ብዙ አያውቁትም፤ ስለዚህ ጥቂት ልበል። ዓመቶቹን እዚህ በለመድነው በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ወይዘሮ አበበች በጥቅምት 1935 ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ሸበል አቦ በምትባል መንደር ተወለዱ። ወሩ ጣልያን የወረረን ወር ነው፤ አባታቸው በዚያ ጦርነት ሞቱ። ገና ልጅ ሳሉ ያለ ፈቃዳቸው ቢድሯቸው አምልጠው አዲስ አበባ ገቡ፤ ተማሩ፤ ቡናና እህል ወደ ውጭ በሚልክ ኩባንያ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኑ፤ አገቡ። በ1980 የተደላደለ ኑሮ ነበራቸው። በዚያው ዓመት ለግሸን ማርያም ንግሥ ወደ ወሎ ሲሄዱ መንገዱ በረሀብተኛ ተሞልቶ አገኙት። አንዲት ሕፃን የሞተች እናቷን ጡት ስትጠባ አዩ። እሷንና ሌላ አንድ ሕፃን ይዘው ተመለሱ። መንግሥት ረሀቡ እንዲወራ አይፈልግም ነበርና ልጆቹን የራሳቸው አስመስለው ነው ያሳለፏቸው። ዓመቱ ሳያልቅ ልጆቹ 21 ደረሱ።

ባለቤታቸው መጀመሪያ ደግፈው ነበር፤ በኋላ ግን «ወይ እኔን ወይ ልጆቹን» አሉ። ወይዘሮ አበበች ልጆቹን ይዘው ወጡና ጫካ ውስጥ አንዲት ጎጆ ገቡ። (ኋላ ከባለቤታቸው ጋር ታርቀዋል።) እዚህ ላይ ነው እኔ እንደ ባለሙያ የምቆመው። መነሻ ካፒታላቸው የራሳቸው ጌጣ ጌጥ ነበር፤ ሸጡት። ቀጥሎ እንጀራ ጋግረው፣ ጠጅ ጥለው ሸጡ። ለትምህርት ቤት የሚከፍሉት ስላልነበራቸው ለልጆቹ አስተማሪ ፈለጉላቸው። ስድስት ዓመት ያህል እንዲህ ሲሠሩ በሕግ ፊት ምንም አልነበሩም፤ ቤታቸው ልጅ የበዛበት ቤት ብቻ ነበር። ከባለሥልጣናት ጋር ብዙ ከታገሉ በኋላ በ1986 ሥራቸው በድርጅትነት ተመዘገበ። ያን ጊዜ ርዳታ መጠየቅ፣ ገንዘብ መቀበል ቻሉ። የእርሻ መሬት ተገኘ፤ ምርቱ ይሸጥ ጀመር፤ የውሃ ቦኖና መጸዳጃ ቤት ተሠራ። በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር በአገሪቱ ካሉት ትልልቅ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አንዱ ሆነ። ከአብራካቸው አልወለዱም፤ «እማዬ» የሚላቸው ግን አገር ሙሉ ሆነ። ሐምሌ 4 ቀን 2021 በኮሮና ምክንያት በ85 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከ1986 በፊትም ሆነ በኋላ የሚጋገረው እንጀራ ያው ነው። የተለወጠው መመዝገቡ ነው። የጋሉሷ እናት ግን ከፎቶግራፉ ይህን አላዩም፤ እኛም አልነገርናቸውም። እኔንም ጨምሮ ማለቴ ነው። ስንት ቅዳሜ እንጀራ ስቀበል «እትዬ፣ የጡረታ ሂሳብዎን አሳይተውኛል?» ማለት ይገባኝ ነበር።

ምክንያቱም የጀርመን ሕግ እኚህን እናት ሥራ ፈት አይላቸውም። ከ1992 ጀምሮ ለተወለደ ለያንዳንዱ ልጅ፣ እዚህ አገር ላሳደገችው እናት ሦስት ዓመት የጡረታ መዋጮ እንደከፈለች ይቆጠርላታል፤ ከዚያ በፊት ለተወለዱት በጥቂቱ ያንሳል። ሁለት ልጆች ሲደራረቡም አይጣፋም፤ ጊዜው ይራዘማል። አዲስ አበባ ያደጉበት ዓመት አይቆጠርም፤ ኢትዮጵያና ጀርመን የጡረታ ስምምነት የላቸውምና። ጡረታ ለማግኘት የሚያስፈልገው አምስት ዓመት ነው። ስለዚህ እዚህ ሁለት ልጅ ወልዳ ያሳደገች፣ አንድ ቀን እንኳ ደሞዝ ያልተቀበለች እናት መብቱ አላት።

ለሟቿ አስላሁት። ከ1992 እስከ 1999 አራት ልጆች እዚህ ተወልደዋል፤ አሥራ ሁለት ዓመት። ለያንዳንዱ ዓመት አንድ ነጥብ ያህል፣ የአንዱ ነጥብ ዋጋ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ 40.79 ዩሮ። በወር ወደ 489 ዩሮ፤ የጤና መድን ሳይቀነስ። የጡረታ ዕድሜያቸው ከሞላ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል አልፎ ነበር፤ ከአሥር ሺህ ዩሮ የሚበልጥ ገንዘብ ማለት ነው። ልጅቷ «ታዲያ አሁን እንጠይቃ!» አለች። አይቻልም። ጡረታ ያለ ማመልከቻ አይከፈልም፤ ሟች በሕይወት ሳሉ ማመልከቻ ካልገባ ያለፈው ለወራሽ አይተላለፍም። ይህን ስነግራት ዝም ብላ የክትባት ካርዶቹን በየስማቸው ትደረድር ጀመር።

ጨርሶ የጠፋ ግን አይደለም። ባልየው ከሚስታቸው ሂሳብ የሚስት ሞት ጡረታ መጠየቅ ይችላሉ። የእሳቸው ጋብቻ ከ2002 በፊት የተፈጸመ፣ ሟቿም ከ1962 በፊት የተወለዱ ስለሆነ ድርሻው 60 በመቶ ነው፤ ወደ 300 ዩሮ ገደማ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉውን ይከፈላል። ከዚያ በኋላ የራሳቸው ገቢ ከተወሰነ ልክ ካለፈ ከዚህ ላይ ይቀነሳል። ወደ ኋላ የሚከፈለው እስከ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነውና ኀዘኑ ይውጣልኝ ብሎ ማቆየት ያከስራል።

እናቶቻችሁ በሕይወት ያሉ ሁሉ፣ የልጅ ማሳደጊያ ጊዜ እንዲመዘገብ የሚጠየቅበትን «ፋው 0800» የተባለውን ቅጽ ከጡረታ መድኑ ጠይቁ፤ የልጆቹን የልደት ወረቀት አያይዙ። ምክሩም ማመልከቻውም በነጻ ነው፤ ለዚህ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ሰው አትቅረቡ። ጽዳት ላይ ያላችሁ እኅቶችም «ሚኒጆብ» ስትፈርሙ ከጡረታ መዋጮ ነጻ አድርጉኝ የሚለውን ወረቀት ቸኩላችሁ አትሙሉ። በ2026 ጣሪያው 603 ዩሮ ነው፤ ከድርጅት ጋር ለምትሠራ የሠራተኛዋ ድርሻ 3.6 በመቶ፣ ወደ 22 ዩሮ ነው። እንጀራ የምትሸጡም የንግድ ምዝገባችሁንና የጤና ቢሮውን ትምህርት ወረቀት ያዙ፤ ባለፈው ዓመት ሽያጩ ከ25 ሺህ ዩሮ ያልበለጠ አነስተኛ ነጋዴ የሽያጭ ታክስ አይጠየቅም። ፍርሃቱ ከወጪው ይበልጣል።

ለባልየው የጎደለው የጋብቻ ወረቀት ነበር። ልጅቷ ከቢሮዬ ደወለችላቸው። «አባዬ፣ ሰማንያችሁ የት ነው ያለው?» ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ «እናትሽ ናት የምታውቀው» አሉ። ማታ ከመዝሙረ ዳዊታቸው ውስጥ ታጥፎ ተገኘ። አሁን በመሐላ ተርጓሚ እጅ ነው፤ ማመልከቻው ግን ትርጉሙን ሳይጠብቅ በማግስቱ ገብቷል።