ዓይኑን የሰበረ ሁሉ ውሸታም አይደለም

ለኤምባሲ ቃለ መጠይቅ የሚዘጋጅ ሰው ከወዳጅ ዘመድ የሚደርሰው ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ዓይን ዓይኑን እያየህ መልስ፤ ካቀረቀርክ አለቀልህ»። ምክሩን የሚቀበለው ሰው ግን ያደገው አባቱ ሲቆጡ፣ የኔታ ሲጠይቁ፣ ሽማግሌ ሲመክሩ ዓይኑን ሰበር እያደረገ ነው። ትልቅ ሰው ፊት ትክ ብሎ የሚያፈጥ ልጅ ዓይን አውጣ ይባላል። ቤት ውስጥ ጨዋነት የነበረው አኳኋን ታዲያ የኤምባሲው መስኮት ጋ ሲደርስ የውሸት ማስረጃ ይሆናል።

ሐቀኛ ሰው በፊቱ ይታወቃል የሚለው እምነት የአንድ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት በ58 አገሮች የሚኖሩ ሰዎችን «ሰው ሲዋሽ በምን ታውቃላችሁ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። 64 በመቶ ያህሉ የዓይን መሸሽን ጠቀሱ። ስለ ውሸት ይህን ያህል ሰው የተስማማበት ሌላ ምልክት አልተገኘም።

ስምምነቱ ግን እውነት አላደረገውም። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቤላ ዴፓውሎና ባልደረቦቿ በ2003 ስለ ውሸት ምልክቶች የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስበው 158 ምልክቶችን መረመሩ። አብዛኞቹ ከውሸት ጋር ያላቸው ዝምድና እጅግ ደካማ ነው፤ ጭራሽ የሌላቸውም አሉ። ዓይን ማሸሽ ከእነዚሁ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ እሷና ቻርልስ ቦንድ ወደ ሌላው ወገን ዞሩና ከ24,000 በላይ ሰዎች እውነትንና ውሸትን ለመለየት ያደረጉትን ሙከራ ደመሩ። በአማካይ የተሳካላቸው 54 በመቶ ጊዜ ነው። ዘውድ ወይስ ጎፈር ብሎ ሳንቲም የወረወረ 50 ያገኛል። ፖሊሶችና ሌሎች በሥራቸው ውሸት የሚያድኑ ሰዎችም ከተራው ሰው አልተሻሉም።

ይህን እያወቁ ገንዘብ ያፈሰሱም አሉ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር ከ2007 ጀምሮ በአየር ማረፊያዎች የመንገደኛውን ሁኔታ እያዩ ተጠርጣሪ የሚለዩ ሠራተኞችን አሰማርቶ ነበር። በ2013 የአገሪቱ የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ 900 ሚሊዮን ዶላር ያህል የወጣበት ይህ ፕሮግራም የተመሠረተበት ሐሳብ በማስረጃ የተደገፈ አለመሆኑን ገልጾ፣ ወደፊት የሚመደብለት ገንዘብ እንዲገደብ መከረ። «የሚዋሽ ሰው ዓይኑን ወደ ላይ ወደ ቀኝ ያነሣል» የሚለው የአሠልጣኞች ወግም በ2012 ተፈትኖ አንዳች ዝምድና አልተገኘለትም። ለዚህኛው ከዚህ በላይ ቦታ ማባከን አያስፈልግም።

የዓይኑ ነገር ለእኛ ሰው የሚከብደው ዋጋ የሚያስከፍል በመሆኑ ነው። ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን በአስተማሪና በባለሥልጣን ፊት ዓይናቸውን ዝቅ ማድረጋቸው ለአክብሮት ቢሆንም፣ አንዳች ነገር እንደ መሸሸግ ሲቆጠርባቸው ኖሯል። በአሜሪካ ደግሞ በ2005 የወጣው ሪል አይዲ የተባለው ሕግ ጥገኝነት ጠያቂው የሚታመን መሆን አለመሆኑን ሲመዝኑ አኳኋኑንም እንዲያዩ ለዳኞች ይፈቅዳል። የ54 በመቶው ነገር እዚያ ችሎት ውስጥ የሰው ዕጣ ይሆናል።

«ሰው ቢሳሳት ማሽን አይሳሳትም»

የውሸት ማወቂያ የሚባለው መሣሪያ፣ ፖሊግራፍ፣ ውሸት አይለካም። የሚለካው የደም ግፊትን፣ የልብ ምትን፣ አተነፋፈስንና የእጅ ላብን ነው። የፈራ ውሸታም ያልበዋል፤ የፈራ ሐቀኛም ያልበዋል። መሣሪያውን በ1921 በካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ከተማ የሠራው ፖሊሱ ጆን ላርሰን ነው፤ ሥራው በዋለበት ነገር ውሎ አድሮ ተጸጽቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ የደም ግፊትን እየለካ ውሸት እይዛለሁ ያለው ዊልያም ማርስተን ዘዴውን ለፍርድ ቤት አቅርቦ በ1923 ተቀባይነት አጣ። ይኸው ሰው በኋላ ወንደር ውማን የተባለችውን የሥዕል መጽሔት ጀግና ፈጠረ። የታሰረበትን ሁሉ እውነት የሚያናግረው የጀግናዋ ገመድ ፍርድ ቤቱ የነሳውን ሳይሰጠው አልቀረም።

የሲአይኤ ባልደረባ የነበረው ኦልድሪች ኤምስ ከ1985 ጀምሮ ምሥጢር ለሶቭየቶች ይሸጥ ነበር። በ1986ም በ1991ም በፖሊግራፍ ተፈትኖ ሁለቱንም አለፈ። የተያዘው በ1994 ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2003 ያወጣው ዘገባ አንድ ስሌት አስቀምጧል፦ በ10,000 ሠራተኞች መካከል 10 ሰላዮች አሉ እንበል። ማሽኑ ከዐሥሩ ስምንቱን እንዲይዝ ከተደረገ 1,606 ሰው ይወድቃል። ከእነዚህ ውስጥ 1,598ቱ ንጹሐን ናቸው። ሁለቱ ሰላዮች ደግሞ አልፈው ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ታዲያ ስለምን አልተጣለም? ሰው ስለሚያምነው። «ማሽኑ ይይዘኛል» ብሎ የፈራ ሰው ገና ሳይታሰር ይናዘዛል። በእኔ አስተያየት ፖሊግራፍ የሌባ ሻይ የቅርብ ዘመድ ነው። በአገራችን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ንብረት ሲጠፋ አንድ ልጅ አደንዛዥ ነገር ይጠጣና ወገቡ በገመድ ታስሮ በየሰፈሩ ይለቀቅ ነበር፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍላል። ሌባ ሻይ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ዕቃውን ሌሊት መልሶ የሚያስቀምጥ ሌባ መኖሩ አይቀርም። ያ ግን ልጁ ያያል ማለት አልነበረም። ቤታቸው ደጃፍ ላይ ስለወደቀ ብቻ የከፈሉትን ማን ቆጠራቸው?

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል»

ተረቱ ግማሽ እውነት አለው፤ መጠጥ አፍ ይፈታል። የተፈታ አፍ ግን እውነትንም ቅዠትንም ጉራንም ይዞ ይወጣል፤ ጠጪው ራሱ ሲነጋ የቱ የቱ እንደሆነ አያውቀውም። በ1922 ሮበርት ሃውስ የተባለ የቴክሳስ ሐኪም ስኮፖላሚን የተባለውን መድኃኒት በዳላስ እስረኞች ላይ ሞክሮ የእውነት መድኃኒት አገኘሁ ብሎ ነበር። በኋላ እንደታየው እንዲህ ያለ መድኃኒት የወሰደ ሰው ብዙ ያወራል፤ ጠያቂው የሚፈልገውንም በቀላሉ ይቀበላል፤ መዋሸት ግን አያቅተውም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1963 በእንዲህ ያለ መድኃኒት ኃይል የተገኘ የእምነት ቃል ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል ወስኗል።

«እውነተኛ ታሪክ አይዛነፍም»

ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው፤ ምክንያታዊ ስለሚመስል። ውሸታም ይረሳል፣ ሐቀኛ ግን ያየውን ስለሚናገር ቃሉ አይለዋወጥም እንላለን። የማስታወስ ሥራ ግን እንዲያ አይደለም። በ2002 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት ከኮሶቮና ከቦስንያ የመጡ 39 ስደተኞችን ስለ አንድ ክፉ ገጠመኛቸው ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ሰዎቹ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኙ ስለነበሩ የሚዋሹበት ምክንያት አልነበራቸውም። ያም ሆኖ በሁለቱ ቃላቸው መካከል ልዩነት ያልታየበት ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። በተለይ ለጉዳዩ ዋና ያልሆነው ዝርዝር ይለዋወጣል። የሥነ ልቦና ጉዳት በጸናባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። ብዙ መከራ ያየ ሰው ብዙ ያዛንፋል ማለት ነው።

በዚህ ላይ የእኛን አቆጣጠር ጨምሩበት። «ኅዳር 1998 ታሰርኩ» ያለ ሰው፣ ተርጓሚው በልማድ 8 ዓመት ከደመረለት በኖቬምበር 2006 ታሰረ ተብሎ ይጻፋል። ትክክለኛው 2005 ነው፤ ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ ባለው ጊዜ ልዩነቱ 7 ዓመት ነውና። በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ሌላ ተርጓሚ ሲመጣና በትክክል ሲያሰላ፣ በወረቀቱ ላይ የአንድ ዓመት «ቅራኔ» ይገኛል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መጡብኝ ያለው አንዴ 2 ተብሎ፣ አንዴ 8 ተብሎ ይመዘገባል። ለፈረንጅ ሁለት ሰዓት ሌሊት ነው፤ ባለጉዳዩ ግን ፀሐይ ወጥታ እንደነበር ተናግሯል። ባልና ሚስቱ በየአባታቸው ስም ስለሚጠሩ የቤተሰብ ስማቸው አይገጥምም፤ የልጁም የእናቱን አይመስልም። የ2005ቱ የሪል አይዲ ሕግ ደግሞ የቃል መለያየቱ የጉዳዩን ዋና ነጥብ ባይነካም እንኳ ለአለመታመን ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ይላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የዋሸ ሰው የለም።

በተቃራኒው፣ አጥንቶ የመጣ ውሸታም ቃሉ አይዛነፍም። ለዚያ ነው ያጠናው።

«የሚዋሽ ልጅ የተበላሸ ልጅ ነው»

ወላጅን ለማረጋጋት ያህል፦ ሕፃናት ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ባለው ዕድሜያቸው መዋሸት ይጀምራሉ። መዋሸት ሌላው ሰው እኔ የማውቀውን አያውቅም ብሎ መገመትን ይጠይቃልና የአእምሮ እድገት ምልክት ነው። ይህ ማለት ዝም ይባላል ማለት አይደለም። በ2014 በታተመ ሙከራ ተመራማሪዎች ለልጆች ተረት ካነበቡ በኋላ ስላደረጉት ጥፋት ጠየቋቸው። ውሸታሙ ፒኖኪዮ አፍንጫው የሚረዝምበትና «ተኩላ መጣ» እያለ የሚያጃጅለው እረኛ የሚቀጣበት ተረት ልጆቹን ይበልጥ እውነት አላናገራቸውም። የሠራው ግን ጆርጅ ዋሽንግተን በልጅነቱ ዛፍ መቁረጡን ለአባቱ ተናግሮ የተመሰገነበት ታሪክ ነው። ሜሰን ዊምስ የተባለ ደራሲ የጻፈው ይህ ታሪክ ራሱ የፈጠራ መሆኑን ለልጆቹ የነገራቸው አልነበረም።

እንግዲህ ፊት፣ ማሽን፣ መጠጥና የቃል አለመዛነፍ ካልረዱ ምን ይረዳል? በስዊድን ተሠርቶ በ2006 የታተመ ሙከራ ፖሊስ ለመሆን በሥልጠና ላይ ያሉ ሰዎችን ለሁለት ከፈለ። ተጠርጣሪ ሆነው የቀረቡት ሰዎች ግማሾቹ የኪስ ቦርሳ እንዲሰርቁ ታዘው ነበር፤ የቀሩት ንጹሐን ናቸው። አንደኛው ቡድን እንደ ልማዱ ጠየቀ። ሁለተኛው ግን የያዘውን ማስረጃ ወዲያው እንዳይገልጥ ተምሯል፦ በመጀመሪያ ሰውየው የዋለበትን በነጻነት እንዲናገር ይተዋል፣ ቀጥሎ ወደ ማስረጃው የሚጠጉ ጥያቄዎችን ያነሣል፣ ማስረጃውን መጨረሻ ላይ ያወጣል። ንጹሑ «አዎ፣ እዚያ ገብቼ ነበር» ይላል፤ ሌባው እዚያ አልደረስኩም ብሎ ከማስረጃው ጋር ይጋጫል። ያልሠለጠኑት 56 በመቶ፣ የሠለጠኑት 85 በመቶ ለዩ። የሠለጠኑት የተጠቀሙት ግን በእጃቸው ማስረጃ ስለነበረ ነው። ማስረጃ የሌለው ጠያቂ ይህን ዘዴ ቢማርም ወደ ሳንቲሙ ይመለሳል።