ኦሪት የሚጠራቸው አራዊት በኢየሩሳሌም
በአፉላ ለምትኖሩ አዲስ ገቢ ቤተሰቦች የአንድ ቀን ጉዞ

የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲቃረብ በየቤታችሁ አንድ ጥያቄ እንደሚነሳ እናውቃለን። «ልጆቹን ወዴት እንውሰዳቸው?» ይባላል። ብዙዎቻችሁ ኢየሩሳሌምን የምታውቋት በኮቴል ጸሎትና በስግድ በዓል ነው። ዛሬ ግን በዚያችው ከተማ ስላለ ሌላ ቦታ እንነግራችኋለን። እሱም የኢየሩሳሌም መካነ አራዊትና በአጠገቡ ያለው የዓሣ ቤት ነው። በዕብራይስጥ «ጋን ሃሃዮት ሃታናኺ»፣ ማለትም የመጽሐፍ ቅዱስ መካነ አራዊት ይባላል።

ለምን እዚያ እንድትሄዱ እንመክራችኋለን? ልጆቻችሁ ዕብራይስጡን ከእናንተ ቀድመው ለምደዋል። በባንክ፣ በኩፓት ሆሊም፣ በትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ አስተርጓሚው ልጅ ሆኗል፤ አባትና እናት ደግሞ ዝም ብለው የሚጠብቁ ሆነዋል። በዚህ ቦታ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በግ ያገደ፣ ሌሊት ጅብ ሲጮህ የሰማ፣ ኦሪት ሲነበብ ያደመጠ ሰው በዚህ ግቢ ውስጥ አስተማሪ ነው። ልጆቹም ይህን በዓይናቸው ያያሉ።

አራት ጊዜ ቤት የቀየረ

ይህ መካነ አራዊት ራሱ እንደ ብዙዎቻችን ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር የኖረ ነው። የመሠረተው የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ የነበረው አሃሮን ሹሎቭ ሲሆን ዘመኑም 1940 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በእስራኤል በሚሠራበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተጀመረው በከተማዋ መካከል፣ በራቭ ኩክ ጎዳና፣ ጥቂት እንስሳት ብቻ ይዞ ነበር። ጎረቤቶች በሽታውና በጩኸቱ አማረሩ። በ1941 ወደ ሽሙኤል ሃናቪ ጎዳና ተዛወረ፤ እዚያም ቅሬታው ተከተለው። በ1947 ወደ ሃር ሃጾፊም ተራራ ወጣ። ወዲያው የነጻነት ጦርነት ተነሣ፤ ተራራው ከከተማዋ ተቆረጠ፤ መኖም ጠፋ። ብዙዎቹ እንስሳት አለቁ። የተረፉት በ1950 ወደ ሮሜማ ሠፈር ወርደው እዚያ አርባ ዓመት ያህል ቆዩ። በመጨረሻም በ1993 አሁን ባለበት በማልሓ አጠገብ፣ 250 ዱናም ገደማ በሚሆን ቦታ ላይ ተከፈተ። ይህም በዘመቻ ሰለሞን ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ወገኖቻችን ወደ አገር ከገቡ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ሹሎቭ የተነሣበት ሐሳብ ቀላል ይመስላል፤ በመጽሐፍ ቅዱስ የተጠሩትን እንስሳት ሰብስቦ በየአጠገባቸው የተጠሩበትን ጥቅስ ጽፎ ማሳየት። ሥራው ሲጀመር ግን ስሞቹ አስቸገሩ። የጥንቱ ስም የዛሬው የትኛው እንስሳ ነው በሚለው ሊቃውንቱ ተከራከሩ። እናንተ ደግሞ በዚህ ክርክር ውስጥ የራሳችሁ ድርሻ አላችሁ፤ ግዕዝና አማርኛ የዕብራይስጥ ዘመዶች ናቸውና።

ስሞቹን ከልጆቻችሁ ጋር አመሳክሩ

በየአጥሩ ፊት ስትቆሙ ልጁ ዕብራይስጡን ይበል፤ እናንተ አማርኛውን በሉ። ነብር በዕብራይስጥ «ናሜር» ነው። ግመል «ጋማል» ነው። ድብ «ዶቭ» ነው። ወፍ «ዖፍ» ነው፤ ዛሬ በገበያ ላይ ለዶሮ ሥጋ የሚሉት እሱን ነው። አንበሳ «አርዬ» ይባላል፤ ይህ ቃል በግዕዝ «አርዌ»፣ በአማርኛ «አውሬ» ከምንለው ጋር አንድ ሥር አለው።

አንዳንዱ ዘመድ ግን ያሳስታል። «ዜኤቭ» በግዕዝ «ዝእብ» ከሚባለው ጋር አንድ ነው፤ በእኛ ግን ዝእብ ጅብ ሲሆን በዕብራይስጥ ዜኤቭ ተኩላ ነው። ጅብ በዕብራይስጥ «ጻቩዓ» ይባላል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እዚህ አገር ግን ጅብም የአገሩ ተወላጅ ነው። «ኔሼር» ደግሞ ንስር ነው፤ ሆኖም በእስራኤል በዚህ ስም የሚጠሩት አንገቱ መላጣ የሆነውን፣ እኛ ጥንብ አንሳ የምንለውን ትልቅ ወፍ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ሽኮኮን ፈልጉ። በኦሪት ዘሌዋውያን ሊበሉ ከተከለከሉት መካከል ሽኮኮና ጥንቸል ሁለቱም ለየብቻ ተጠርተዋል፤ ዕብራይስጡም «ሻፋን» እና «አርኔቬት» ይላቸዋል። ዛሬ በመንገድ ላይ ግን ብዙ ልጆች ጥንቸሏን «ሻፋን» ብለው ይጠራሉ። ይህ ስሕተት ነው። ሻፋን በድንጋይ መካከል የሚኖረው፣ በጎንደር ገደል ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ያያችሁት ሽኮኮ ነው። አያት ይህን ለልጅ ልጁ ቢያስረዳ ልጁ ሰኞ ክፍል ገብቶ ለጓደኞቹ ይነግራል።

ስለ አንበሳም የምትነግሯቸው አላችሁ። በእስራኤል ምድር በጥንት ዘመን የነበረው አንበሳ የእስያው ዓይነት ሲሆን ጋማው ሳሳ ያለ ነው። ዛሬ ይህ ዓይነት በዱር የሚገኘው በህንድ አገር በጊር ጫካ ብቻ ነው። የኢትዮጵያው ባለ ጥቁር ጋማ ነው። አጼ ኃይለ ሥላሴ በ1948 በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ባቋቋሙት አንበሳ ግቢ የነበሩት አንበሶች በዘር ምርመራ ተፈትሸው፣ ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸው በ2012 ታውቋል።

ጠፍቶ የተመለሰው

በኦሪት ዘዳግም ከሚበሉት እንስሳት ጋር የተቆጠረ «ያሕሙር» የሚባል የአጋዘን ዓይነት አለ። ከዚህ ምድር ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። በ1978 መጨረሻ፣ የኢራን ንጉሥ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው፣ አራት ያሕሙሮች ከኢራን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል መጡ። በቀርሜሎስ ተራራ በተከለለ ቦታ እንዲራቡ ተደረገ፤ በ1996 የመጀመሪያዎቹ በገሊላ ዱር ተለቀቁ። የኢየሩሳሌሙ መካነ አራዊትም የበኩሉን አራብቶ በ2005 በኢየሩሳሌም ተራሮች መልቀቅ ጀመረ። እንግዲህ መካነ አራዊት ማለት አውሬ አስሮ ማሳየት ብቻ አይደለም። ዘሩ ሊጠፋ የተቃረበውን ጠብቆ ወደ አገሩ የሚመልስ ቤት ነው።

ትንንሽ ልጆች ያላችሁ የኖኅን መርከብ የሐውልት መናፈሻ አትለፉ። አርቲስቷ ኒኪ ደ ሴን ፋል የሠራቻቸው፣ በ2001 የተከፈቱ ባለ ቀለም ትልልቅ የእንስሳት ሐውልቶች ናቸው። ልጆች ይወጡባቸዋል፤ ይጫወቱባቸዋል።

በዓሣ ቤቱ

በ2017 የተከፈተው «ሃአቅቫሪዩም ሃእስራኤሊ» ከመካነ አራዊቱ ጎን ነው። ያተኮረው በእስራኤል ባሕሮች ላይ ነው። በመስተዋት መተላለፊያ ውስጥ ስትሄዱ ሻርኩ በራሳችሁ ላይ ያልፋል። ልጆች እንዳይደነግጡ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ኦሪት ከውኃ ፍጥረት እንዲበላ የፈቀደው ክንፍና ቅርፊት ያለውን ነው። ይህን ለልጆች ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። በኪኔሬት የሚገኘው «አምኑን» የጣናው ቆሮሶ ዘመድ ነው፤ ቅርፊት አለው፤ ይበላል። አምባዛ በጣናም በኪኔሬትም አለ፤ ቅርፊት ስለሌለው ግን አይበላም። ሻርክም እንደዚሁ የተከለከለ ነው። በጨው ባሕር ግን ውኃው እጅግ ጨዋማ ስለሆነ ዓሣ የሚባል አይኖርም።

የቀይ ባሕር ዓሦች ፊት ስትደርሱ ጥቂት ቆም በሉ። ልጆቹ የሚያዩት ቀለሙን ነው። እናንተ ግን ሌላ ነገር ንገሯቸው። ከ1981 ጀምሮ ከሱዳን የባሕር ዳርቻ ወገኖቻችን በሌሊት በጀልባ ተጭነው ወደ እስራኤል የባሕር ኃይል መርከብ የተሻገሩት በዚሁ በቀይ ባሕር ነው። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ባሕር አይተው አያውቁም ነበር። ልጆቻችሁ ይህን ከትምህርት ቤት ከመስማታቸው በፊት ከእናንተ አፍ ቢሰሙት ይሻላል።

እንዴት ትሄዳላችሁ?

ከአፉላ ተሃና መርካዚት ወደ ኢየሩሳሌም በአውቶቡስ መሄድ ትችላላችሁ። በባቡር መሄድ የምትፈልጉ በ2016 በተከፈተው የሸለቆ ባቡር ወደ ሃይፋ ሄዳችሁ፣ ባቡር ቀይራችሁ፣ ከኢየሩሳሌም ተሃና መርካዚት ጎን ወዳለው ይጽሐቅ ናቮን ጣቢያ ትደርሳላችሁ። መንገዱ ረጅም ስለሆነ በጠዋት ተነሡ። ከዚያ የከተማ አውቶቡስ ያዙ፤ ለሾፌሩ «ጋን ሃሃዮት» ማለት ይበቃል። ራቭ ካቭ ካርዳችሁን አትርሱ።

ከመነሣታችሁ በፊት ስልክ ደውላችሁ ወይም ልጃችሁን አስደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ሰዓት፣ የመግቢያውን ዋጋ፣ ለአዲስ ገቢዎችና ለብዙ ልጆች ቤተሰብ ቅናሽ መኖሩን። የዓሣ ቤቱ ትኬት ለብቻው መሆን አለመሆኑንም አጣሩ። ተኡዳት ዖሌያችሁን ያዙ። ዓርብ ቀደም ብሎ ስለሚዘጋ፣ ሰንበትም አውቶቡስ ስለማይኖር፣ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያሉት ቀናት ይሻላሉ። በፋሲካና በሱኮት መካከለኛ ቀናት ሰው ይበዛል።

ዳቦ፣ ቆሎና ውኃ ከቤት ያዙ፤ በበጋ ለሁሉም ባርኔጣ ያስፈልጋል። ግቢው ዳገት ስላለው ለሽማግሌዎች ግቢውን የሚዞረው ትንሽ ባቡር ይጠቅማል፤ መነሻውን በመግቢያው ጠይቁ። ለእንስሳቱ ምንም ምግብ አትስጡ፤ ይታመማሉ። ልጅ ከሰው መካከል ቢጠፋ እንዲገኝ ስልክ ቁጥራችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ኪሱ ውስጥ ክተቱ።

ኢየሩሳሌም ለጊዜው የራቀባችሁ እንደሆነ በአቅራቢያችሁም አለ። በቤት ሸአን አቅጣጫ፣ በኪቡጽ ኒር ዳቪድ፣ በ1996 የተከፈተው «ጋን ጉሩ» የአውስትራሊያ እንስሳት አሉት። ካንጋሮ ልጇን በሆዷ ከረጢት ስትሸከም ብታዩ አንቀልባ ትዝ ይላችኋል። በሃይፋም ጋን ሃኤም በሚባለው መናፈሻ መካነ አራዊት አለ፤ ከታች ከተማው በካርሜሊት ወጥታችሁ በመጨረሻው ጣቢያ ትወርዳላችሁ።

ከጉዞው ስትመለሱ አንድ ደብተር አውጡና ከልጆቹ ጋር ያያችሁትን እንስሳ ሁሉ በዕብራይስጥና በአማርኛ ጎን ለጎን ጻፉ። ዕብራይስጡን እነሱ ያርሟችሁ፤ አማርኛውን እናንተ አርሟቸው። መልካም ጉዞ።